ምክር ነው አልኩት

የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ይሙሉት» አለኝ። የደራሲው ስም፣ የሚኖርበት አገር፣ የገጹ ብዛት፣ የሚታተመው ቅጂ። እነዚህን ሞላሁ። ቀጥሎ «የመጽሐፉ ዓይነት» ይላል። እዚያ ላይ ብዕሬ ቆመ።

«ልብ ወለድ ነው?» አለኝ ኃላፊው። «ግጥም ነው? ታሪክ? ምክር?»

«ገና አልወሰንኩም።»

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ጌታዬ፣ ከአሰላ ድረስ አቧራ ጠጥተው መጥተው ምን እንደጻፉ አያውቁም?»

እውነቱን ነው፤ አላውቅም ነበር። በቦርሳዬ ሁለት ደብተር ይዣለሁ። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ አንደኛው ግጥም ነው፣ ሁለተኛው ልብ ወለድ ነው፣ ሁለቱም አልሆኑም። አዲስ አበባ ድረስ የመጣሁት መጽሐፍ የሚያትሙ ሰዎች አይተው የትኛው እንደሚሻል ይነግሩኛል ብዬ ነበር። ኃላፊው ግን የሚያትም እንጂ የሚያነብ ሰው አይደለም። የማሳተሚያውን ወጪ የሚችለው ደራሲው ራሱ ነው፤ ጥሩ ቢጽፍ ባይጽፍ እሱን ምን አገባው? ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና በማግሥቱ በናዝሬት በኩል ወደ አሰላ ተመለስኩ።

ያ አንድ ነገር የልጄ መሞት ነው። ስድስት ዓመቷ ነበር። የሞተችው በእኔ ጥፋት ነው። ዛሬ ይህን በአንድ መስመር ጽፌ ወደሚቀጥለው ማለፍ እችላለሁ፤ ያኔ ግን ይህቺን መስመር የሚሸከም የመጽሐፍ ዓይነት ፍለጋ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ አሰላ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንድ ቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባለጉዳዩ ከሳጉሬ፣ ከጢቾ፣ ከሮቤ በበቅሎም በእግርም ይመጣል። ጉዳዩን በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ መልሼ በኦሮምኛ አነብለታለሁ። ሰውየው ስለ አንድ ድንበር ሊያስረዳኝ ከአያቱ ሠርግ ይጀምራል። የእኔ ሙያ ያን ሁሉ ሰምቶ በአንድ ገጽ ማስቀረት ነው። እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ በባለጉዳይ ፊት ትዕግሥተኛ ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን ትዕግሥቴ በረንዳው ላይ ይቀራል፤ ሚስቴ አንድ ነገር ከደገመች እቆጣለሁ።

ያን ሰሞን አንድ ትልቅ ይግባኝ ይዤ ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ ያልቃል። ሰኞ ጠዋት ሚስቴ «ልጅቷ ትንፋሿ ልክ አይደለም፤ ዛሬ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለችኝ። ጉንፋን ነው፣ ዳማከሴ አሽተሽ ስጫት አልኳት። ማክሰኞ ደገመችው። «አንተ ካልተመቸህ እኔ ልውሰዳት» አለች።

«አንቺ ወስደሽ ወረቀቱን ማን ይሞላልሻል?» አልኳት። «ፊደል አታውቂ። በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? ሐሙስ ይግባኙን አስገብቼ ራሴ እወስዳታለሁ፤ ያለ እኔ ንቅንቅ እንዳትይ።»

የማመልከቻ ጸሐፊ ሚስት ሐኪም ቤት በር ላይ ወረቀት ሙሉልኝ እያለች ሰው ስትለምን ልትታይ ነው ብዬ ነው። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ሌላ አልነበረኝም። ባሏን የምትሰማ ሴት ናትና ሰማችኝ።

ሐሙስ ይግባኙን አስገባሁ። ልጅቷን አቅፌ ሐኪም ቤት ስደርስ ሚስቴ ከኋላዬ ነበረች። ሐኪሙ የልጅቷን ደረት አዳመጠና «መቼ ነው የጀመራት?» ሲል ጠየቀኝ። «ትናንት» አልኩት። ሚስቴ አጠገቤ ቆማ ሰማች። ልጅቷ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አረፈች።

አላለቀስኩም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ አንጀት የት እንደገባ እንጃ። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ጎረቤት ያመጣውን ንፍሮ በላሁና ጨው አንሶታል ብዬ አሰብኩ። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጠንካራ ሰው ነው» አለ። በሳምንቱ በረንዳዬ ላይ ተመልሼ ስለ አንዲት የጠፋች ጊደር ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ጥሩ ማመልከቻ ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ይህን የምለው ለመኩራራትም ለንስሐም አይደለም። የደነዘዘ እግር ቢቆነጥጡት እንደማይሰማ ማለት ነው፣ በቃ።

ሚስቴ ከአርባው በኋላ «አንተ» ማለቷን ትታ «እርስዎ» አለችኝ። «ምሳ ቀርቧል፣ ይብሉ።» «ካፖርትዎን ይልበሱ፣ ጭጋጉ ወርዷል።» የሰማ ሰው አክብራኝ ይመስለዋል። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልወጣትም፤ እኔም አላነሳሁ። ቀጠሮ እንደሚጠብቁ ሁለት ባለጉዳዮች በአንድ ቤት ተቀምጠን ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። የምላት ነገር አጭር ነበር። ሰኞ ነግረሽኝ ነበር፣ ከለከልኩሽ፣ ለሐኪሙም ዋሸሁ። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፍቼ «ውሃ ስጪኝ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ካልነገርኳት ደግሞ እርስዎ እያለችኝ እንደምታረጅ ገብቶኛል። ሚስቴን ማጣት አልፈለግሁም፤ አጠገቤ እያለች ማጣቱን ማለቴ ነው።

ስለዚህ ጽፌ ላሳትመው አልኩ። ሚስቴ ማንበብ አትችልም፤ ይህን እንደማያውቅ ሰው መጽሐፍ ልጽፍላት ተነሣሁ። የታተመ ነገር ዞሮ ዞሮ ጆሮዋ ይደርሳል ብዬ ነው። ደግሞም በምድጃ ዳር የተነገረ ጥፋት በምድጃ ዳር ይቀራል፤ የታተመ ግን አደባባይ ላይ ቆሞ እንደመናገር ነው። ሙያዬ ወረቀት ነውና ከአፌ ይልቅ ወረቀት አምናለሁ።

መጀመሪያ ግጥም ሞከርኩ። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቻለሁና ቃል ማገላበጥ ይሆንልኛል። ሙሾ ልጽፍላት ተቀምጬ ሦስት ወር ሙሉ ሰምና ወርቅ ስሠራ ከረምኩ። ስጨርስ ለወዳጄ አሳየሁት። ወዳጄ የጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ አለው፣ ከጨርቁ ጎን ደብተርና መጽሐፍም ይሸጣል። ሙስሊም ነው፤ ዓረብኛውንም አማርኛውንም ያነባል፤ በሁለቱም አይዋሽም። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ግጥሙን አንድ በአንድ አነበበው።

«ወላሂ ያምራል» አለ። «ማን ነው የሞተው?»

«እንዴት ማን ነው የሞተው ትለኛለህ?»

«ኧረ አትቆጣ ወንድሜ። ወርቁን ፈልግ አልከኝ፣ ፈለግኩ፣ አገኘሁት፣ አደነቅኩህ። የሞተውን ሰው ግን አላገኘሁትም።»

ደብተሩን ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። ቤቴ ገብቼ ሳነበው ልክ ነበር። እያንዳንዱ ስንኝ እዩኝ እዩኝ ይላል፤ ልጅቷ አንዱም ውስጥ የለችም።

ከዚያ ልብ ወለድ ያዝኩ። የተማሩ ሰዎች ያኔ ልብ ወለድ ያነቡ ነበር፤ እኔም አንዳንዱን አይቼ ይህን ማን ያቅተዋል ብያለሁ። ለልጅቷ ሌላ ስም አወጣሁላት። አባቷን ከበረንዳ አንስቼ ወፍጮ ቤት አስገባሁት። ሰኞ ታመመች። ሐሙስ ላይ ልደርስ ስል አባትየው ገና ማክሰኞ ወፍጮውን ዘግቶ ሐኪም ቤት አደረሳት። እኔ አላዘዝኩትም። ልጅቷ ዳነች። ከዳነች በኋላ ማን ያቁማት? ትምህርት ቤት ገባች፣ አስተማሪ ልትሆን ናዝሬት ወረደች፣ ደብተሩ ሊያልቅ ሲል የሮቤ ልጅ አገባች።

ሠርጉን በምጽፍበት ቀን ዝናብ ነበርና ቤት ውዬ ነበር። ሚስቴ ጥጥ እየፈተለች ቆይታ ድንገት «የሚጽፉት የምን ነገር ነው?» አለችኝ።

«መጽሐፍ ነው።»

«ስለ ማን?»

«ስለ ማንም አይደለም፤ ልብ ወለድ ነው።»

«የልብዎ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም፤ ውሸት ነው» አልኳት። እንዝርቷን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። ያን ጊዜ አፌ ላይ የነበረውን ልነግራት ይቻል ነበር፤ ጠይቃኝ ነበር እኮ። እኔ ግን የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፍ ምን ዓይነት ይሁን ብዬ ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ጥቂት እንደጻፍኩ ደስ ብሎኝ እንደነበረ አስተዋልኩ። ደስታው ከየት እንደመጣ ባየው ጊዜ አስጠላኝና ደብተሩን ዘጋሁት።

በመካከሉ አባቶቻቸው ከሸዋ መጥተው አርሲ የሰፈሩ አንድ ሽማግሌ መጽሐፍ እንደምጽፍ ሰምተው «ታሪክ ጻፍ» አሉኝ። ታሪክ ማለታቸው የአያታቸውን ታሪክ ነው። ታሪክ ክብር ያለው የጽሕፈት ዓይነት ነውና ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አያትየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈረስ ላይ ናቸው፤ አንድም ጊዜ አልወረዱም። የታመመ ልጅ፣ ሐኪም ቤት፣ ሐሙስ የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ መግቢያ የለውም። ሥራ በዝቶብኛል ብዬ አመለጥኳቸው።

እንግዲህ ከአዲስ አበባ ያልተሞላ ወረቀቴን ይዤ ስመለስ መጀመሪያ የገባሁት ነጋዴው ሱቅ ነው። ታርቀን ነበር። ስለ ወረቀቱ ስነግረው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ጥቂት አሰበ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ አይደል የምትሉት?» አለ። «ጠጁን እኔ አልጠጣም፤ ምሳሌውን ግን እወዳለሁ። ምክር ጻፍ። ግጥም የሚገዛ እዚህ አገር አንድ ሁለት ሰው ነው። ልብ ወለድ አንዱ ይገዛል፣ አሥሩ ይዋሰዋል። ምክር ግን አጎት ለወንድሙ ልጅ ይገዛል፣ አማት ለአማቹ ይገዛል። ለራሱ የሚገዛ የለም እንጂ ሁሉም ይገዛል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው» አልኩት።

«ይጩኽ። ሌላ ጅብ የለም ብለህ ነው?»

እየሳቀ ነው የተናገረው፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። ምክር ለእኔ በልክ የተሰፋ ኮት ነበር። «አንድ ሰው ነበረ» ብሎ መጀመር ይበቃል፤ ስም የለ፣ መልክ የለ። ይህን አደረገ፣ ይህ ደረሰበት፣ እናንተ ተጠንቀቁ። ከማመልከቻ ብዙም አይርቅም። እኛ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለን፤ ለጉዳዩ የግድ ካላስፈለገ በጽሑፉ ውስጥ ሰው አትጥራ። የተጠራ ሰው ምስክር ይሆናል፣ ምስክር ደግሞ ወደ ማን እንደሚያዘነብል አይታወቅም። ጀማሪ ጸሐፊ ሰፈሩን ሁሉ ይጠራና ባለጉዳዩን ያስረታል። እኔ በዚህ ታምቼ አላውቅም፤ እጄ ለምዶታል፣ ሳላስበው ይሠራል።

መጽሐፉን በረንዳዬ ላይ፣ አንዱ ባለጉዳይ ሄዶ ሌላው እስኪመጣ፣ በአንድ ሁዳዴ ጻፍኩት። ስለ መጠጥ፣ ስለ ሐሰት ምስክር፣ ድንበር ስለ መግፋት፣ ስለ ኩራት ይመክራል። ያ ሁሉ ምዕራፍ የተጻፈው አሥራ አንደኛውን ለማጀብ ነው። አሥራ አንደኛው ሥራውን ከልጁ ስላስቀደመ ሰው ነው። በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ለሐኪሙ መዋሸቴን እንኳ አልተውኩም። ያን ሳስገባ፣ ይኸው ሁሉንም ተናገርኩ፣ ከእንግዲህ የቀረኝ የለም አልኩ። ቀለሙን አድርቄ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ።

በቅሎዬን ሸጬ ማተሚያ ቤት ስመለስ ኃላፊው አልረሳኝም። «እሺ፣ ወሰኑ?» አለ።

«ምክር ነው» አልኩት።

በራሱ እጅ ጻፈው። «ጥሩ አደረጉ፤ የጽሑፍ መርማሪም አያስቸግርበትም።» እውነትም አንድ ቃል ሳይነካ የመታተም ፈቃድ አገኘ። ሥራው ሲጀመር ኃላፊው ወደ ውስጥ አስገባኝ። አንድ ፊደል ለቃሚ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እያነሳ ይደረድራል፤ የእኔ ገጽ ፊቱ ተዘርግቷል። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እኔ የማየው ፊደሉን ነው ጌታዬ፤ ነገሩን ካየሁ እሳሳታለሁ» አለኝ። ሰውየውን ወደድኩት። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

መጽሐፉ በጭነት መኪና መጥቶ ነጋዴው ሱቅ ወረደ። አንዱን ቤቴ ወስጄ ሚስቴ ፊት አስቀመጥኩ። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና ሽፋኑን በጣቷ ነካ አደረገችው። «እንኳን ደስ ያለዎት» አለች። ከዳዊቱ አጠገብ አኖረችው። ያንብቡልኝ አላለችም፤ እኔም ላንብብልሽ አላልኩም። ቤት ስትጠርግ አቧራውን ታራግፍለታለች። እኔ ወሬው ከውጭ እስኪደርሳት እጠብቃለሁ። የፍርድ ቤቱ ሰዎች በበረንዳዬ ሲያልፉ «አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ልብ ይነካል» ይሉኛል። እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። የማን ልብ እንደሚነካ ይገርመኝ ነበር፤ የእኔን አልነካም።

ነጋዴው አሻሽጥልሃለሁ ያለኝን ቃል ጠበቀ። በገበያ ቀን ሱቁ በገበሬ ሲሞላ መጽሐፉን ይከፍትና ጮክ ብሎ ያነባል፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ አማርኛ ለማይሰማው በኦሮምኛ። አንድ የገበያ ቀን እኔ ጥግ ላይ ካለ ጣቃ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ሚስቴ ክር ልትገዛ ገባች። ነጋዴው ደስ አለው። «እንኳን መጣሽ! የባልሽን ሥራ ሰምተሽ ሂጂ እንጂ» አላት። ክሯን ይዛ በሩ አጠገብ ቆመች። እሱ አሥራ አንደኛውን ገለጠ። ልጄ መሞቷን ያውቃል፤ ልቅሶዬ ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደታመመች ግን እንደ አገሩ ሁሉ «ትናንት» የሚለውን ነው የሰማው፤ ስለዚህ ሰውየው እኔ እንደሆንኩ አልጠረጠረም።

ላስቆመው እችል ነበር። አላስቆምኩትም። የፈለግኩት ይህንኑ አልነበረም? ሌላ ሰው ይናገርልኝ፣ እሷ ትስማ፣ ቤት ስንገባ አንድ ነገር ትበለኝ። ብትሰድበኝም ግድ የለኝም። «አንተ» ብላ ከሰደበችኝ ይበቃኛል።

«አንድ ሰው ነበረ» ብሎ ጀመረ ነጋዴው። «አንዲት የስድስት ዓመት ልጅም ነበረችው። ልጅቱ በታመመች ጊዜ ሰውየው ሥራ በዝቶበት ነበርና ነገ እወስዳታለሁ፣ ከነገ ወዲያ እወስዳታለሁ እያለ ቀኑን አሳለፈ። በአራተኛው ቀን አቅፎ ሐኪም ቤት አደረሳት። ሐኪሙ መቼ ጀመራት ብሎ ቢጠይቀው ትናንት ብሎ ዋሸ። ልጅቱም ሞተች። ወዳጄ ሆይ፣ ሥራ ነገም ይገኛል፤ ልጅ ግን ነገ አትገኝም።»

ነጋዴው በኦሮምኛ ደገመው። አንድ ከሳጉሬ የመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው በጥሞና ሲሰሙ ቆዩና «ሃቲ ሆ?» አሉ። እናቲቱስ?

ነጋዴው ወደ ገጹ አጎነበሰ። ቅጠሉን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«እናት እዚህ የለችም» አለ።

እኔም ያወቅኩት ያኔ ነው። ሰኞ የተናገረች፣ ማክሰኞ ልውሰዳት ያለች፣ ሐሙስ አጠገቤ ቆማ ውሸቴን የሰማች አንዲት ሴት ነበረች። ሆን ብዬ አላስቀረኋትም፤ በዚህ መማል እችላለሁ። ስጽፍ ትዝም አላለችኝ። የትኛው እንደሚብስ ግን አላውቅም።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ሞታ ነው» አሉ በዚያው በኦሮምኛ። «እናት ብትኖራት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ውሰዳት ትለው ነበር።»

«ዱቴ» አለች ሚስቴ ከበሩ። ሞታለች። ያደገችው ጢቾ ነው፤ ኦሮምኛዋ ከእኔ የጠራ ነው።

ሽማግሌው ዞረው አዩዋት። «ታውቂያት ነበር ልጄ?»

«አውቃት ነበር።»

«እግዜር ያጥናሽ» አሏት።

ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው። ከዚያ ክሯን ይዛ ወጣች።